የእማማ ወለተሥላሴ አስተርጓሚ

ጥቅምት 19 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ዴን ሃግ

ማክሰኞ። ዝናብ። ሰፈራችን ስኪልደርስዋይክ እንደ ወትሮው እርጥብ ነው፤ እኔም እንደ ወትሮው እርጥብ ነኝ። ጠዋት የቢሮ ጽዳት። ከሰዓት በኋላ ሰፈር ቤት፣ ሆላንዶቹ ቡርትሃውስ የሚሉት። ማክሰኞና ሐሙስ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በነፃ አስተረጉማለሁ። ደረቴ ላይ «በጎ ፈቃደኛ» የሚል ባጅ አለ። የሰጠችኝ ኢነከ ናት፣ የቤቱ ኃላፊ። ባጁን ስለጥፍ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኛል። አይጨምርም። በመስታወት አይቻለሁ።

የኢነከ ሕግ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እዚህ ቤት ሃይማኖት አይሰበክም። ሁለተኛ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ይቆለፋል። በሁለቱም እስማማለሁ። እግዜርን እኮ በ66 ዓ.ም. ካምፓስ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ቆሜ፣ በይፋ አሰናብቼዋለሁ። ሥራውን ግን እስካሁን አላስረከበም...

ዛሬ የመጡት እማማ ወለተሥላሴ ብቻ። ባላቸው ሞተው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። የመጣላቸውን ደብዳቤ አነበብኩላቸው፤ የዓይን ኦፕራሲዮን ቀጠሮ፣ በየካቲት። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር አድማሴ?» አሉኝ። ደስ አለኝ። ለበጎ ፈቃደኛ ከሚገባው በላይ ደስ አለኝ።

ከመንገዱ ማዶ የሄርማን ነጭ መኪና ቆሟል። ጎኑ ላይ «ኢየሱስ ይወድሃል» የሚል ጽሑፍ፣ በኋላ በሩ በኩል ሾርባ። ሾርባው በነፃ ነው፤ ስብከቱም በነፃ ነው፤ ለየብቻ ግን አይሰጡም። ሄርማን ሰባ ሊሞላው ነው። መርከብ ላይ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ የቭላርዲንገን ከተማ ሰው። «አንተ በለኝ» ብሎ ስለለመነኝ ነው አንተ የምለው። ዓምና ረሀባችንን በቴሌቪዥን ካየ ጀምሮ እኔን ባየ ቁጥር ሳህን ይዞ ይመጣል። ጠግቤያለሁ ማለት አልቻልኩም። ዓመት ሙሉ በልቼለታለሁ።

ጥቅምት 24

አስናቀ፣ አብሮኝ የሚኖረው፣ ለማስተርስ የመጣው፣ «አንተ እኮ አይ የሚለው ቃል አልተፈጠረልህም» አለኝ። ውሸት ነው ልለው አሰብኩ። «እሺ» አልኩት።

ኅዳር 5

እማማ ሐሞታቸው ላይ ጠጠር ተገኘባቸው። ዛሬ ኦፕራሲዮን ሆኑ። ለሐኪሙ አስተረጎምኩ፣ ፈረሙ፣ አስገቧቸው። ሲወጡ ሃያ ደቂቃ ያህል አጠገባቸው ቆምኩ። ፊታቸው ገርጥቷል። «ማነው?» ይላሉ ኮቴ በሰሙ ቁጥር። ነርሷ ናት፣ ጽዳቷ ናት፣ ማንም አይደለም...

«እሑድ እመጣለሁ እማማ፤ ሙሉ ቀን አብሬዎት እውላለሁ።»

«ተው፣ አትድከም ልጄ።»

አትድከም ማለት ና ማለት ነው። ይሄን የማያውቅ ሐበሻ የለም።

ኅዳር 8

አልሄድኩም።

ኢነከ ድንገት የበጎ ፈቃደኞች ስብሰባ ጠራች። አጀንዳው «በሰፈራችን የሚኖሩ ብቸኛ አረጋውያን»። አራት ሰዓት ሙሉ ስለ ብቸኛ አረጋውያን ተወያየን። እኔም ንግግር አደረግሁ። ተጨበጨበልኝ። አንዲት ብቸኛ አረጋዊት ደግሞ ሆስፒታል ተኝተው ኮቴ ያዳምጣሉ።

አይ፣ ቀጠሮ አለኝ። ሦስት ቃል። በሁለት ቋንቋ አውቃቸዋለሁ። ለምን አይወጡም?

ኅዳር 10

ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። አልጋቸው አጠገብ ሄርማን ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። እየላጠ፣ ፍሬውን እየለየ፣ በእጃቸው ያስይዛቸዋል። ለሾርባ ብቅ ሳይሉ ሲቀሩ ጎረቤት ጠይቆ ነው ያገኛቸው። ከዓርብ ጀምሮ በየቀኑ ጠዋት መጥቶ ማታ ይሄዳል አለችኝ ነርሷ።

በምን ይግባባሉ? በምንም። እሱ በደች ይጸልያል፤ እሳቸው መጨረሻው ሲመስላቸው አሜን ይላሉ። አንዳንዴ መሃሉ ላይ ይላሉ። እሱ ምንም አይለውም።

ቀናሁ። በግልጽ ልጻፈው፣ ማን ያየኛል? እኛ ምንም በምላሹ አንጠይቅም ብለን እንኮራለን። ነፍስ አንጠይቅም፣ ጸሎት አንጠይቅም። ባለመጠየቃችን ኮርተን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንቆልፋለን። ይሄ ሽማግሌ ነፍስ ሊጠይቅ ነው የመጣው። ግን መጥቷል።

«እሑድ ሥራ ገጠመህ አይደል ልጄ?» አሉኝ እማማ። ምክንያቱን ራሳቸው አዘጋጅተው ሰጡኝ። «አዎ፣ ሥራ» አልኩ። ብርቱካኑን እንኳ አቀመሱኝ። እንደ ኮሶ መረረኝ።

ኅዳር 17

እማማ ስምንት ቀን ተኝተው ቤታቸው ገብተዋል። የነቢያት ጾም ተጀምሯል። ሄርማን በየቀኑ ሾርባ ያመጣላቸዋል፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ በዚያ ደረጃ፣ በዚያ ጉልበት። ሾርባው ውስጥ የሥጋ ድብልብል አለ። ሰባት።

«ጾም ነው ብዬ ልንገረው?» አልኩ።

«ዝም በል። ይሄን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ? በፊቱ?»

«ለታመመ ሰው እኮ ጾም የለበትም።» የጾም ሕግ አስተማሪ ሆንኩላችሁ፣ እኔ!

«አንተ መቼም ከሃዲ ነህ» አሉ በሹክሹክታ፤ «ብላልኝ።»

ሄርማን ወደ ኩሽና ሲሄድ ሳህኑ ወደ እኔ ዞረ። ሰባት ድብልብል በሁለት ደቂቃ። ምላሴ ተላጠ። ተመልሶ ባዶውን ሳህን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ነገ ዘጠኝ አደርገዋለሁ አለ። ተረጎምኩላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ በለው» አሉ እማማ፣ ሆዴን በክርናቸው እየነኩ።

ታኅሣሥ 12

ጉድ ፈላ። እኔው ነኝ ያፈላሁት።

ሄርማን ዛሬ እማማ ቤት ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል። ጥር 4፣ እሑድ፣ ጉባኤያቸው የመዋኛ ገንዳ ተከራይቷል፤ ወለተሥላሴ መጠመቅ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቅልኝ አለ። ጠየቅሁ። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «እሺ... እሳቸው ካሉ...»

ያንን እሺ አውቀዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስለው የኖርኩት እሺ ነው። ፈልጌ አይደለም ማለት ነው፤ ውለታ አለብኝ፣ አታስጨንቁኝ፣ መሬት ትዋጠኝ ማለት ነው። እኔ ግን አስተርጓሚ ነኝ። እሺ አሉ፤ «እሺ ብላለች» አልኩት። ቃል አላጎደልኩም፣ አልጨመርኩም። ሄርማን እጃቸውን ሳመና ደረጃውን እንደ ወጣት እየዘለለ ወረደ።

እማማ አለቀሱ።

«በሰማንያ ቀኔ የተጠመቅሁትን ክጄ፣ በስተርጅና ገንዳ ልግባ?»

«ታዲያ ለምን አይሆንም አላሉም?»

«ስምንት ቀን አጠገቤ የተቀመጠን ሰው? በየትኛው አፌ?» ትንሽ ቆይተው፣ «አንተ ንገርልኝ። የተማርክ ነህ፣ አንደበት አለህ። ሳታስቀይመው።»

አንደበት አለህ... ስብሰባ ላይ አለኝ።

ታኅሣሥ 14

ቭላርዲንገን ሄድኩ። ባቡር ውስጥ ሃያ ጊዜ ተለማመድኩት። «ሄርማን፣ እማማ ሕፃን ሆነው ተጠምቀዋል፣ ሃይማኖታቸው ሁለተኛ አይፈቅድም፣ ይቅርታ።» ለመስኮቱ እንኳ ጥሩ ተናገርኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ወንበር ቀየረች።

በሩን ሲከፍት ሽርጥ አድርጓል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው። የአተር ሾርባ ቀዳልኝ፣ በቋሊማ። በላሁ። ደገመኝ። በላሁ። ከዚያ ነጭ ቀሚስ አውጥቶ አሳየኝ፤ ለእማማ አጭር እንዲሆን ራሱ በመርፌ አሳጥሮታል። ስፌቱ የመርከበኛ ነው፣ ወፍራም።

«ሰባት ዓመት በዚያ መኪና ዞርኩ» አለኝ። «አንድ ሰው አልተጠመቀም። ሾርባውን ይወስዳሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ይሄዳሉ። እሷ የመጀመሪያዬ ናት።»

ምን ይባላል? ተናገርኩት ግን። እግዜር... ማለቴ ማንም ምስክሬ ነው፣ ተናገርኩት። እማማ አይችሉም፣ አንዴ ተጠምቀዋል አልኩት። አልተቆጣም። ቀሚሱን አጠፈ። ዘረጋ። እንደገና አጠፈ። «ገባኝ» አለ። ፊቱ ሲወድቅ አየሁ። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። አንጀቴን በላው።

«እኔ አለሁ» አልኩት።

እውነቴን ነው፤ አፌ ነው ያለው። እኔም እንደ እሱ ነው የሰማሁት። ሄርማን ተነስቶ አቀፈኝ። ሽርጡ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

ሊያስቀር የሄደው እግዜር የለሽ ራሱ ተመዝግቦ መጣ። ቀሚሱንም በቁመቴ ለካልኝ፤ ያሳጠረውን ስፌት ሊፈታ ነው።

ታኅሣሥ 15

ለእማማ «ቀርቷል» አልኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝ። «አልተቀየመም?» «ኧረ ደስ ብሎታል» አልኩ። ይሄ እንኳ ውሸት አይደለም።

አስናቀ ግን ሰማ። ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ፣ በእውነት ተንከባለለ። «ለእማማ እንዳትነግር» አልኩት። «እሺ» አለኝ። የእሱ እሺ ምን ዓይነት ይሆን?

ታኅሣሥ 29

ገና። እማማ ቤት። ሄርማን ሾርባውን ይዞ መጣ። ዛሬ ሳህኑ ወደ እኔ አልዞረም። እማማ አንድ ድብልብል በጥንቃቄ ቀመሱ፣ አኘኩ፣ አሰቡ።

«ጨው እኮ የለውም» አሉኝ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አልክ?»

ሄርማን እያየኝ ፈገግ ይላል። ጥር 4 አምስት ቀን ቀርቶታል። ይሄን ሰው እንዴት ነው የምዋሸው? ሳላምን ገብቼ ሳላምን ብወጣ እሱ ምንም አያውቅም፤ የመጀመሪያዬ እያለ ይደሰታል። እኔ ግን አውቃለሁ። ደግሞ ብናገርም ያው ፊቱ ይወድቃል። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ መጣል ነው።

ጥር 1

ኢነከ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። የእነ ሄርማን ማስታወቂያ። «አድማሴ ከኢትዮጵያ፣ እሑድ ይጠመቃል።» በየሱቁ መስታወት ላይ ተለጥፏል። የአትክልት ሻጩ ቱርክ ሳይቀር እንኳን ደስ ያለህ ብሎኛል።

«ማመን መብትህ ነው» አለችኝ ኢነከ። «ግን እዚህ የሚመጡ ሰዎች እርዳታ ለማግኘት መጠመቅ ያስፈልጋል ብለው እንዲያስቡ አልፈልግም። ባጁን ብትመልስ ይሻላል።»

አላምንም እኮ ማለት ነበር። በመስኮቱ በኩል ሄርማን ጭልፋውን እያወዛወዘ ሰላም አለኝ።

«እሺ» አልኳት። ባጁን ፈታሁ። ቁመቴ ግን አጠረ፣ ይሄ ይሰማል።

ጥር 4

ውሃው የሞቀ ነበር።

ጠዋት አራት ሰዓት። ገንዳው ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። አርባ የሚሆኑ ሰዎች በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ይዘምራሉ። እኔ ነጭ ቀሚስ ለብሼ፣ ከታች የአስናቀን ቁምጣ አድርጌ፣ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ። ቀሚሱ አየር ይዞ ዙሪያዬን ተንሳፈፈ። መዋኘት አልችልም። ሄርማን አጠገቤ ቆሞ አንድ እጁን ጀርባዬ ላይ አሳረፈ።

የበሩ ድምፅ ተሰማ። ከዘራ፣ ቋ... ቋ... በሰድሩ ላይ። እማማ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸው ላይ እዚያ የሚሰጠውን ሰማያዊ ላስቲክ አጥልቀው፣ አስናቀን ክንዱን ይዘው። የዚያ ልጅ እሺም ያው የኛ ዓይነት ነበር ለካ።

«አድማሴ፣ የት ነህ?»

«እዚህ ነኝ እማማ... ውሃ ውስጥ።»

በድምፄ አቅጣጫ እስከ ጠርዙ መጡ። የሚወድቁ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። መዝሙሩ ቆመ።

«ለሰውየው ንገርልኝ» አሉ።

ከእኔ ሌላ አስተርጓሚ የለም። የአስናቀ ደች ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ቆሜ፣ ሙያዬ ነውና፣ አንድ በአንድ ተረጎምኩ። ራሴን «እሱ» እያልኩ።

«ይሄ ልጅ በአርባ ቀኑ ተጠምቋል፤ ጥምቀት ደግሞ አንድ ናት።»

ተረጎምኩ።

«ደግሞም አያምንም። ጾም እንኳ አያውቅም። የእርስዎን የሥጋ ድብልብል ስድስት ሳምንት የበላው እሱ ነው።»

... ተረጎምኩ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ፤ ዝም አሰኙት።

«ይሄ ገንዳ ውስጥ የገባው በእኔ ፈንታ ነው። እኔ ለራሴ አይሆንም ማለት አልቻልኩም። ለእሱ ግን እችላለሁ። አይሆንም።»

እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አቋረጥኩ። አስተርጓሚ ማልቀስ የለበትም፣ ሥነ ምግባሩ አይፈቅድም።

«እርስዎ ደግ ሰው ነዎት» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ሄርማን ሳይሆን በጠርዙ ወደ ቆመው የገንዳው ሕይወት አድን ልጅ ዞረው። ማየት አይችሉማ። «ደግን ሰው ማታለል ነውር ነው። ይቅር ይበሉን።»

ሄርማን እጁን ከጀርባዬ አላነሳም። ያ ፊቱ እንደገና ሲወድቅ አየሁ፣ በዚህ ጊዜ ከቅርብ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልቻልኩም።»

«እሷስ?»

«እሳቸውም አልቻሉም። ስምንት ቀን አጠገባቸው ተቀምጠህ ነበር።»

«ዋጋ አድርጌ አልተቀመጥኩም እኮ» አለ። ተሰማው፣ በጣም ተሰማው። ከዚያ፣ ሆላንዳዊ ነውና፣ ከሁሉም ያልገባውን ጠየቀ። «ሾርባውንስ? ሥጋ አልበላም ብትለኝ በአትክልት እሠራው ነበር። አንድ ቃል ነው።»

አንድ ቃል ነው። አንገቴን ደፋሁ፣ ውሃው እስከ አገጬ ደረሰ።

እጄን ይዞ ደረጃውን አወጣኝ። ፎጣ አልብሶኝ እማማ ዘንድ ሄደ፣ ከነርጥበቱ ክንዳቸውን ያዘ፣ ከጠርዙ አራቃቸው። ለጉባኤው ዛሬ ጥምቀት የለም፣ ሾርባ ግን አለ አለ።

ጥር 11

ጥምቀት። የእኛው። ሮተርዳም፣ የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ፣ ለበዓሉ የመጡ ቄስ ጠበል ረጩ። እማማ ከኋላ ገፉኝ። ፊቴ ረጠበ። ይሄ አይቆጠርም፤ ስኪልደርስዋይክ ውስጥ በየቀኑ እረጥባለሁ።

ሄርማን ሳምንቱን ሙሉ አልታየም። መኪናው የሚቆምበት ቦታ ባዶ ነው። ባዶነቱን ማየት አልወደድኩም።

የካቲት 4

መኪናው ተመልሷል። ከሾርባው ድስት አጠገብ ሌላ ድስት ተጨምሯል፤ ላዩ ላይ በትልቁ «ያለ ሥጋ» የሚል። ተሻግሬ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «አሁንም እጸልይልሃለሁ፣ ይሄን አትከለክለኝም» አለ። ሳህን ዘረጋልኝ። በልቼ ነበር የመጣሁት...

«ጠግቤያለሁ ሄርማን።»

አንድ ጊዜ አየኝና ሳህኑን መልሶ አስቀመጠ። ሌላ ምንም አልሆነም። አንድ ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይሄንን ነበር?

ኢነከ የገንዳውን ነገር ሰምታ ባጁን መለሰችልኝ። እሑድ ስብሰባ አለ አለችኝ፣ ያለ እኔ አይሆንም አለችኝ። ላቤ መጣ።

«አይ፣ ቀጠሮ አለኝ።»

«እሺ» አለች። እሷ! ወዲያው!

የካቲት 9

እሑድ። ሆስፒታል፣ ከጠዋት ጀምሮ። እማማ ቀኝ ዓይናቸውን ዓርብ ኦፕራሲዮን ሆነው ዛሬ ፋሻው ተነሳ። እኔ በአንድ በኩል፣ ሄርማን በሌላው በኩል፣ ብርቱካኑን ይዞ። ነርሷ የመጨረሻዋን ጥጥ አነሳች።

ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ገለጡ። መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፤ ዝናብ። ከዚያ ሄርማንን፣ ረጅም ጊዜ። እጃቸውን ሰደው ጉንጩን ነኩት። «እኚህ ናቸው ብርቱካን ሲልጡልኝ የነበሩት?» አሉና አለቀሱ። ተረጎምኩ። እሱም አለቀሰ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ አዩኝ። ደጋግመው አዩኝ። ፀጉሬን አስተካከልኩ።

«አድማሴ ማለት አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ።»

«እኔን!» አሉ ከልባቸው። «ምነው፣ ድምፅህ እኮ መልከ መልካም ነበር።»

ነርሷ ሳይገባት ሳቀች። ሄርማን እንባውን እየጠረገ ወደ እኔ ተጠጋ።

«ምን አለች? ምን አለችህ? ተርጉምልኝ።»

«አይ» አልኩት። «ይሄን አልተረጉምም።»